ዳግም፦ ከሰባታሚት በርሜል እስከ ፊንጫ ማማ

ሰባታሚት ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ አይፈላም። ከባሕር ዳር በስተደቡብ ያለችው ይህች ቀበሌ እንደ ጣና ዳርቻ ሁሉ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ ፈሳሽን ወደ ታች የሚጫነው ግፊትም ያንሳል። ስለዚህ ውኃ 94 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይንተከተካል። አልኮልም ቢሆን መጽሐፍ 78 ዲግሪ ይበለው እንጂ ሰባታሚት ላይ የሚፈላው 73 ገደማ ላይ ነው። በ73 እና በ94 መካከል ያለችው ክፍተት ጠባብ ናት። የጎጃም እናቶች ግን ቴርሞሜትር ሳይይዙ፣ በእሳት ልክና በእጅ ስሜት ብቻ፣ ከዚያች ክፍተት አረቄ ሲያወጡ ኖረዋል።

ሁለት የተቀላቀሉ ፈሳሾችን በሚፈሉበት የሙቀት ልዩነት መለየት ከኬሚካል ኢንዱስትሪ የመለያ ሥራዎች ሁሉ እጅግ የተስፋፋው ነው። ድፍድፍ ነዳጅ ወደ ቤንዚን፣ ነጭ ጋዝና ናፍጣ የሚለየው በዚህ መንገድ ነው። ለሆስፒታል የሚሆን ፈሳሽ ኦክስጅንም ከአየር የሚወጣው አየሩ ራሱ እስኪፈስ ድረስ ቀዝቅዞ ነው፤ ናይትሮጅኑ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ሲተን ኦክስጅኑ እስከ 183 ድረስ ፈሳሽ እንደሆነ ይቆያል። መርሁ አንድ ነው፤ የሚለያየው ዕቃው፣ የሙቀቱ ልክና ሥራው የሚደጋገምበት ብዛት ነው። እኔ ወደ ሰባታሚት የሄድኩት ይህንኑ መርህ ጓሮ ውስጥ፣ ባሕር ዛፍ በሚነድበት ምድጃ ላይ፣ ከቅርብ ለማየት ነበር።

አረቄ የሚያወጡት እናት ጥንስሱን የጀመሩት ከሳምንት በላይ አስቀድመው ነው። የተወቀጠ ጌሾና የብቅል ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ ይሰነብታል፤ ሽታው ሲመር የዳጉሳ ቂጣ ተቆራርሶ ይገባበታል፤ ውኃ ይጨመርበታል፤ ድፍድፍ ሆነ ማለት ነው። እዚያ ውስጥ ብቅሉ የዳጉሳውን ስታርች ወደ ስኳር ይሰብራል፤ እርሾው ደግሞ ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል።

«እማማ፣ ድፍድፉ መድረሱን በምን ያውቁታል?» አልኳቸው።

«ዝም ሲል ነዋ ልጄ። እየተንጫጫ ያለ ድፍድፍ እሳት ላይ አይጣድም፤ ገና እየበላ ነው።»

አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ ከዚህ የተሻለ መልስ የሚሰጥ አይመስለኝም። የሚንጫጫው ጋዝ ነው፤ ጋዙ ሲቆም ስኳሩ አልቋል። ስኳር ከቀረ ገና ያልተገኘ አልኮል አለ ማለት ነው፤ ከዚያም በላይ ያልበሰለ ድፍድፍ ሲፈላ ይገነፍላል።

ድፍድፉ በብረት በርሜል ተጥዷል። በክዳኑ ቀዳዳ የገባው ሸምበቆ ሌላኛው ጫፉ ውኃ በሞላ ገንዳ ውስጥ ወደ ተቀመጠ የመዳብ ዕቃ ያዘቀዝቃል። መጋጠሚያው ሁሉ በሊጥና በጭቃ ተለስኗል። ሊጡ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ቀጭን እንፋሎት ሽው ሲል እማማ እርጥብ ሊጥ በአውራ ጣታቸው ይጫኑበታል። ይህን የሚያደርጉት አረቄው እንዳይባክን ብቻ ብለው አይደለም። የአልኮል እንፋሎት በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ እሳቱ ደግሞ ከበርሜሉ ሥር እየነደደ ነው።

እንጨቱን በየተራ ይስባሉ፣ ይገፋሉ። እሳቱ ከበረታ ድፍድፉ ገንፍሎ በሸምበቆው ያልፋል፤ የሚወርደውም የደፈረሰ ይሆናል። አፍልተው በሚለዩ የፋብሪካ ማማዎች ውስጥም ይኸው ችግር አለ፤ እንፋሎቱ ሲፈጥን የፈሳሽ ጠብታ አንጠልጥሎ ወደ ላይ ይወጣና የተለየውን መልሶ ያቀላቅለዋል። መሐንዲሶች የማማውን ስፋት የሚወስኑት በአብዛኛው ይህን ለመከላከል ነው። ሰባታሚት ላይ ግን የሚወስነው የእንጨት አሳሳብ ነው።

ገንዳው የሥራው ግማሽ ነው፤ ብዙ ሰው ግን አያስተውለውም። ማፍላት ማንም ያፈላል፤ የተነሣውን እንፋሎት ሳያመልጥ ወደ ፈሳሽ መመለስ ነው ጥበቡ። አንድ ሊትር አረቄ ከእንፋሎት ወደ ጠብታ ሲመለስ የሚለቀው ሙቀት 20 ሊትር ውኃን በ20 ዲግሪ ያህል ያሞቃል። እማማ በየጊዜው እጃቸውን ገንዳው ውስጥ ይነክራሉ።

«እጄን ካላስቀመጠኝ ይቀየራል» አሉኝ።

የሰው እጅ ከ45 ዲግሪ ብዙም ያለፈ ውኃ ውስጥ መቆየት አይችልም። ከዚያ በኋላ የመዳቡ ዕቃ እንፋሎቱን ሁሉ ለመያዝ ይቸገራል፤ በአፉ ማምለጥ ይጀምራል፤ የሚያመልጠው ደግሞ ለመጨበጥ የሚከብደው ቀላሉ ክፍል፣ ማለትም አልኮሉ ነው።

የሚወርደው ከየት መጣ? ድፍድፉ ከመቶ 8 እጅ ገደማ አልኮል ይዟል እንበል። እንዲህ ያለ ድቅል በጣና ዳር ከፍታ ከ90 ዲግሪ ትንሽ ዝቅ ብሎ መፍላት ይጀምራል። ከላዩ የሚነሣው የመጀመሪያ እንፋሎት ግን 8 በመቶ አይደለም፤ ወደ ግማሽ የሚጠጋው አልኮል ነው። አልኮሉ ከውኃው ይልቅ ለመብረር ስለሚቸኩል በእንፋሎቱ ውስጥ ከድርሻው እጅግ በልጦ ይገኛል። ይህ አንድ ሐቅ ባይኖር ኖሮ አረቄም፣ ኢታኖልም፣ የነዳጅ ማጣሪያም አይኖሩም ነበር። ነገር ግን ሥራው በቀጠለ ቁጥር ድፍድፉ አልኮሉን እያጣ ይሄዳል፤ የሚወርደውም እየላመ፣ እየላመ ወደ ውኃነት ያዘነብላል። ፊት የወረደው ጠንካራ፣ ኋላ የወረደው ደካማ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሁሉም አንድ ጀሪካን ውስጥ ሲደባለቅ መሃል ላይ ይገናኛል።

ጥንካሬውን ለማወቅ እማማ ጥቂት ጠብታ ወደ ፍሙ ይወረውራሉ። ሰማያዊ ነበልባል ቦግ ካለ ደግ ነው፤ ጭስስ ብሎ ከቀረ ላላ። ይህ መፈተኛ የሚታመነው ግን የቦታውን ሙቀት ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። 40 በመቶ አልኮል ያለው ፈሳሽ ላዩ ላይ የሚቀጣጠል እንፋሎት የሚያጠራቅመው 26 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ ነው። በባሕር ዳር የቀትር ሙቀት ክብሪት ሲነካው ይያያዛል፤ ያው አረቄ በደብረ ብርሃን ብርድ በብርጭቆ ተቀድቶ ክብሪት ቢጫርለት አሻፈረኝ ሊል ይችላል። ፍሙ ላይ መወርወሩ፣ ጠብታውን ራሱ ስለሚያሞቀው፣ ይህን ልዩነት በከፊል ያጠፋዋል። እማማ ለምን ብርጭቆ ላይ እንደማይለኩሱ ስጠይቃቸው «ብርጭቆ ይዋሻል» ነው ያሉኝ፤ ምክንያቱን ባያብራሩትም ልክ ናቸው።

አሁን ወደ ዳግም አረቄ እንምጣ። አንዴ የወጣው አረቄ እንደገና ተጥዶ ሲወጣ ዳግም ይባላል፤ ጥንካሬውም አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ 45 አካባቢ ነው። ለምን ተደገመ? 8 በመቶው ድፍድፍ ግማሽ በግማሽ የሆነ እንፋሎት ሰጠ። 40 በመቶ የሆነ አረቄ ቢጣድ ደግሞ የመጀመሪያው እንፋሎት 80 በመቶ ይደርሳል። ሦስተኛ ጊዜ ቢደገም ከዚያም ያልፋል። በሌላ አነጋገር፣ እያንዳንዱ ድጋሚ አንድ ደረጃ መውጣት ነው፤ ዳግም የሚያወጡ እናቶች ሁለተኛውን ደረጃ ረግጠዋል። ከዚያ በላይ ያልሄዱት ዕውቀት አንሷቸው አይደለም። እያንዳንዱ ድጋሚ አዲስ እሳት፣ አዲስ እንጨት፣ አዲስ ቀን ይጠይቃል፤ በየደረጃውም እየተንጠባጠበ የሚቀር አለ።

የኢንዱስትሪው ታላቅ ፈጠራ ይህንን ድካም ማስቀረቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1830 ኢኒያስ ኮፊ የተባለ አየርላንዳዊ፣ ቀድሞ የኤክሳይስ ታክስ ተቆጣጣሪ የነበረ ሰው፣ ድፍድፍ ሳያቋርጥ ከላይ የሚገባበትን፣ እንፋሎት ሳያቋርጥ ከሥር የሚነሣበትን ማማ በስሙ አስመዘገበ። ከእርሱ በፊት ፈረንሳዮች መንገዱን ጀምረውት ነበር፤ የኮፊ ማማ ግን ተስፋፋ። ማማውን ብዙ ማሰሮዎች አንዱ በአንዱ ላይ እንደተደረደሩበት ምሰሶ ማሰብ ይቻላል። ከታችኛው ማሰሮ የተነሣው እንፋሎት ሁለተኛውን ማሰሮ ያፈላል፤ የሁለተኛው ደግሞ ሦስተኛውን። እሳት የሚነደው ከሥር አንድ ቦታ ብቻ ነው። ዳግም፣ ሣልስ፣ ራብዕ እየተባለ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ይደገማል፤ ለሁሉም ግን አንዴ የገባው ሙቀት ነው የሚያገለግለው።

ማማውን የሚያሠራው ሌላው ምሥጢር ከላይ የወጣው አልኮል ሁሉ አለመወሰዱ ነው። ከቀዘቀዘው ፈሳሽ የተወሰነው ተመልሶ ወደ ማማው ይፈስሳል። የለፉበትን መልሶ ማፍሰስ ለጆሮ እንግዳ ነው፤ ነገር ግን ቁልቁል የሚወርደው ፈሳሽ ሽቅብ ከሚመጣው እንፋሎት ጋር በየወለሉ ሲገናኝ ውኃውን ይቀማዋል፤ አልኮሉን ይለቅለታል። ተመላሽ በበዛ ቁጥር ንጽሕናው ይጨምራል፤ የነዳጅ ወጪውም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1925 ሁለት አሜሪካውያን፣ ዋረን ማኬብና ኧርነስት ቲሌ፣ ስንት ወለል እንደሚያስፈልግ በወረቀት ላይ እንደ ደረጃ በሚወጣ መስመር የሚቆጠርበትን ዘዴ አሳተሙ። ዛሬም የኬሚካል ምሕንድስና ተማሪ ሁሉ ያንን ደረጃ በእርሳሱ ይስላል። በወረቀቱ ላይ ያለው እያንዳንዱ እርከን አንድ ዳግም ነው።

በአገራችን ይህን በትልቁ የሚሠሩት የስኳር ፋብሪካዎች ናቸው። ከጎጃም ዓባይን ተሻግሮ ወለጋ ውስጥ ያለው ፊንጫ፣ ከዚያም በአዋሽ ሸለቆ ያለው መተሐራ፣ ስኳሩ ከተለየ በኋላ የሚቀረውን ጥቁር ሞላሰስ አብክተው ኢታኖል ያወጣሉ። በ2001 ዓ.ም. ከመቶ 5 እጅ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ አዲስ አበባ ላይ መሸጥ ጀመረ፤ በ2003 ዓ.ም. ድርሻው ወደ 10 ከፍ አለ። የውጭ ምንዛሪ ተከፍሎበት ከሚመጣ ነዳጅ ላይ የአገር ሞላሰስ ጥቂት መቀነሱ ያኔ ያስደሰተኝን ያህል ዛሬም ያስደስተኛል።

ግን መኪና ውስጥ የሚገባ ኢታኖል ማማ ብቻውን ሊያደርሰው አይችልም። ማማው በክብደት 95.6 በመቶ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከዚህ በላይ ወለል ቢደረደር፣ ተመላሹ ቢበዛ፣ አንዲት ስንዝር ፈቀቅ አይልም። እዚያ ነጥብ ላይ አልኮሉና ውኃው ተያይዘው፣ በአንድ ዓይነት ድርሻ፣ በአንድ ሙቀት ይተናሉ፤ እንፋሎቱ ከፈሳሹ አይለይም። ውኃ ያለበት ኢታኖል ደግሞ ቤንዚን ውስጥ ሲገባ ተለይቶ ከታንኩ ሥር ሊዘቅጥ ይችላል። ስለዚህ ሙቀት የማይሠራውን ሥራ ለመጠን መስጠት ግድ ነው። ዜኦላይት የሚባለው ማዕድን ዓይነት በውስጡ ስፋታቸው አንድ ወጥ የሆኑ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ባለ 0.3 ናኖሜትር ቀዳዳው ነው። የውኃ ሞለኪውል 0.28 ያህል ስለሆነ ይገባል፤ ኢታኖል 0.44 ስለሚደርስ ደጅ ይቀራል። እንፋሎቱ በእነዚህ እንክብሎች መካከል ሲያልፍ ውኃው ተይዞ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ የሚወጣው 99.5 በመቶና ከዚያም በላይ ነው። እንክብሎቹ ሲጠግቡ ግፊት ተቀንሶ ወይም ሙቀት ተሰጥቶ ውኃቸውን ይተፋሉ፤ ተመልሰውም ይሠራሉ። ከሰባታሚት በርሜል ጀምሮ እስከዚህ ድረስ ከተደረገው ሁሉ ይህ የመጨረሻው እርምጃ ነው እኔን የሚያስደንቀኝ፤ ምክንያቱም የለየው እሳት ሳይሆን ልክ ነው።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ኢታኖል በድንገት ከቤንዚን ይልቅ ለእጅ ተፈለገ። የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር ከመቶ 80 እጅ ኢታኖል፣ ጥቂት ግሊሰሪንና ጥቂት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይጠይቃል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በርካታ የአገር ቤት ዩኒቨርሲቲዎች ሳኒታይዘር ደበላልቀው አከፋፈሉ። ያኔ በ45 እና በ80 መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል እንደሆነ ብዙ ሰው ተረዳ። 45 በመቶ የሆነ ዳግም አረቄ እጅ ላይ ቢፈስስ ጀርሙን በሚፈለገው ልክ አይገድልም፤ አንድ ትንሽ ማማ ያለው ሰው ግን ከዚያው አረቄ 80 በመቶውን ያወጣ ነበር።

አረቄ ያፈረሰው ትዳርና የቀጠፈው ዕድሜ እንዳለ ጎጃም ውስጥ የማያውቅ የለም። ስለ ሥራው መጻፌ መጠጡን ማወደስ አይደለም። እንዲያውም ስለሚጠጣው ሰው ማሰብ ራሱ ስለ ዕቃው እንድናገር ያስገድደኛል።

ሜታኖል የሚባለው የአልኮል ዘመድ ዓይን ያጠፋል፤ ሰው ይገድላል። ሰውነት ውስጥ ወደ ፎርማልዴሃይድ፣ ከዚያም ወደ ፎርሚክ አሲድ ይለወጥና የዓይንን ነርቭ ያጠቃል። ሜታኖል ብቻውን ሲሆን በባሕር ጠለል ላይ 65 ዲግሪ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ይፈላል፤ ጣና ዳር 59 ገደማ ላይ። ስለዚህ «መጀመሪያ የወረደውን ድፋው፣ ሜታኖሉ አብሮ ይሄዳል» የሚል ምክር ይሰማል። ምክሩ ግማሽ እውነት ነው። መጀመሪያ የወረደው መደፋቱ ጥሩ ነው፤ ራስ የሚያዞሩትን አሴታልዴሃይድና ኢታይል አሴቴት በብዛት የሚይዘው እሱ ነውና። ሜታኖል ግን ውኃ በበዛበት ድቅል ውስጥ ከኢታኖሉ ብዙም ሳይቀድም፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተበታትኖ ይወጣል። ፋብሪካዎች እሱን ለማስወገድ ሌላ ማማ ለብቻው የሚተክሉት ለዚህ ነው። ከእህል የሚወጣ ድፍድፍ ደግሞ በተፈጥሮው ሜታኖል ያንሰዋል፤ በብዛት የሚመጣው በፍራፍሬ ውስጥ ካለው ፔክቲን ነው። በዓለም ዙሪያ በአንድ ቀን ብዙ ሰው የሚጨርሰው መርዝ በአብዛኛው ከማሰሮ የወጣ ሳይሆን ለፋብሪካ ሥራ የተዘጋጀ ሜታኖል ነጋዴ ቀላቅሎት የተሸጠ ነው። ስለዚህ ከማያውቁት ሰው የተገዛ ርካሽ አረቄ ጠጥቶ በማግሥቱ ዓይኑ የተጋረደበት ሰው ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይሂድ፤ መድኃኒት አለው፣ ግን ጊዜ አይሰጥም።

ከሜታኖሉ ይልቅ እኔን ለሰባታሚት ጓሮ የሚያሳስበኝ ብረቱ ነው። አረቄ ሲወርድ ጥቂት አሲድ ይዞ ይወርዳል። ሙቅ አልኮል፣ ጥቂት አሲድና ርካሽ ብረት ሲገናኙ ብረቱ ይሟሟል። የዚንክ ቅብ ቱቦ ዚንኩን ይሰጣል፤ በእርሳስ የተበየደ ዕቃ እርሳሱን ይሰጣል። በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል በድብቅ መጠጥ የሚያወጡ ሰዎች አሮጌ የመኪና ራዲያተር ለማቀዝቀዣ ሲጠቀሙ ስንት ጠጪ በእርሳስ መመረዙ በሕክምና መጻሕፍት ተመዝግቧል። እርሳስ ሽታ የለውም፤ አረቄውንም አያደፈርስም፤ ነበልባሉንም አይቀይርም። በእማማ ፍም ላይ የሚደረገው ፈተና አይደርስበትም። በርሜሉም ቢሆን አንድ ጥያቄ ያስነሳል፤ አብዛኛው የብረት በርሜል እንደ አዲስ ሲሸጥ ዘይት፣ ቀለም ወይም ኬሚካል ይዞ ነበር። ማጠብ ሁሉን አያስለቅቅም።

ሌላው እንጨት ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 8 በመቶ ከሆነ ድፍድፍ አንድ ሊትር ባለ 45 በመቶ አረቄ ለማውጣት ቢያንስ ስድስት ሊትር የሚጠጋ ድፍድፍ ያስፈልጋል። እሱን ከ22 ዲግሪ እስከ መፍላቱ ለማድረስ 1.5 ሜጋ ጁል ያህል ይጠይቃል፤ አረቄውን ለማትነን ደግሞ ሌላ 1.5። ሲደመር ሦስት። አንድ ኪሎ ደረቅ ባሕር ዛፍ 16 ሜጋ ጁል አካባቢ ይዟል። እንደ ንድፈ ሐሳቡ ከሆነ ሁለት መቶ ግራም እንጨት ይበቃ ነበር። በክፍት የሦስት ጉልቻ እሳት ግን ከሙቀቱ ዕቃው ውስጥ የሚገባው ከመቶ 10 እስከ 15 እጅ ብቻ ነው፤ የቀረው ለነፋስ ነው። ስለዚህ ለአንድ ሊትር አረቄ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል እንጨት ይነድዳል፤ ሲደገምማ ሌላ ይጨመርበታል። ይህን የሚሸከመው የሴት ጀርባ ነው።

ትላልቆቹም ቢሆኑ ከዚህ ሸክም አላመለጡም። እ.ኤ.አ. በ2016 ዴቪድ ሾልና ራያን ላይቭሊ የተባሉ ተመራማሪዎች ኔቸር በተሰኘው መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ በአሜሪካ ኢንዱስትሪ ከሚውለው ኃይል ግማሽ ያህሉ የተቀላቀለን ነገር በመለየት ሥራ ላይ እንደሚጠፋ አስረድተዋል፤ ከዚያም ትልቁን ድርሻ የሚበላው አፍልቶ መለየት ነው። ለዚህም ነው ዓለም ፊቱን እንደ ዜኦላይት ወዳለ ወንፊትና ወደ ስስ ሽፋን ያዞረው። ከፊሉ ደግሞ ግፊቱን መቀነስ መርጧል። ሰባታሚት በከፍታዋ ምክንያት ስድስት ዲግሪ በነጻ አግኝታለች፤ ፋብሪካ ግን በፓምፕ አየሩን ስቦ ያወጣና የራሱን ከፍታ ይፈጥራል። በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ላይ እንደተመረቀው ፊቤላ ያሉ የምግብ ዘይት ፋብሪካዎች ሽታ የሚያስወግዱት በዚህ መንገድ ነው፤ ዘይቱ አየር በተመጠጠበት ዕቃ ውስጥ እስከ 220ና 250 ዲግሪ ይሞቃል፣ የውኃ እንፋሎት ይነፍስበታል፣ ሽታውን የያዙት ቀላል ነገሮች አብረው ይበርራሉ። አየሩ ባይመጠጥ ኖሮ ዘይቱ ከመጥራቱ በፊት ያርር ነበር።

እንግዲህ ቅሬታዬን ልናገር። ባሕር ዳር ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተ ፖሊቴክኒክ አላት፤ የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ ገና ከጥንስሱ ይሰጥባት ከነበሩት ሙያዎች አንዱ ነው። በ1992 ዓ.ም. ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ ቢሆንም የከተማው ሰው ግቢውን ዛሬም ፖሊ ነው የሚለው። እዚያ የማኬብና ቲሌን ደረጃ በእርሳስ የሚስሉ ተማሪዎች አሉ። ከእነሱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ደግሞ ሁለተኛውን ደረጃ በእጃቸው የወጡ እናቶች አሉ። ይህ ሁሉ ዓመት አልፎ ሁለቱ በአንድ ዕቃ ዙሪያ አለመገናኘታቸው ያንገበግበኛል። የአረቄ አውጪ ሴቶች ሥራ ለመጠጥነቱ ሲወቀስ፣ ለእንጨቱ ሲወቀስ ሰምቻለሁ፤ እንደ ሙያ ተቆጥሮ ዕቃው የታሰበበትን ጊዜ ግን እምብዛም አላየሁም።

የሚያስፈልገው የፊንጫን ማማ ማምጣት አይደለም። ከሁሉ አስቀድሞ ምግብ የሚነካው ዕቃ ሁሉ አይዝጌ ብረት ወይም በእርሳስ ያልተበየደ መዳብ ይሁን። ለእንጀራ መጋገሪያ የተሠራው ምርጥ ምድጃ የእንጨቱን ግማሽ ያህል እንዳስቀረ ሁሉ በርሜሉም ዙሪያው የተዘጋ ምድጃ ይገባዋል። ክዳኑ ላይ፣ እንፋሎቱ በሚያልፍበት ቦታ፣ ቴርሞሜትር ቢሰካ እማማ በእጃቸውና በነበልባሉ የሚያውቁትን ልጃቸውም ታውቀዋለች፤ የእንፋሎቱ ሙቀት ወደ 94 ሲጠጋ ከዚያ ወዲህ የሚወርደው በአብዛኛው ውኃ ስለሆነ ለብቻው ተይዞ ለሚቀጥለው ድፍድፍ ይጨመራል፤ እንጨትም በከንቱ አይነድድበትም። ከክዳኑ በላይ አንድ ክንድ የሚያህል ቀጥ ያለ ቱቦ ቆሞ ጠጠር ወይም የመዳብ ቁርጥራጭ ቢሞላ፣ እንፋሎቱ በመንገዱ እየቀዘቀዘ፣ ከፊሉ እየተመለሰ፣ ዳግም መጣድ ሳያስፈልግ በአንድ እሳት የዳግምን ጥንካሬ ይሰጣል። ይህችው ቱቦ የኮፊ ማማ ታናሽ እህት ናት።

ከዚያ ደግሞ ገንዳው አለ። እማማ እጃቸውን ባላስቀመጣቸው ጊዜ የሚደፉት ሙቅ ውኃ ከእንጨቱ የተገኘ ሙቀት ነው። በእሱ ፋንታ ቱቦው ገና በሚጣደው ድፍድፍ ውስጥ ተጠምጥሞ ቢያልፍ አረቄው ሲቀዘቅዝ ድፍድፉ ይሞቃል፤ ከ22 ዲግሪ የሚነሣው ከ45 ይነሣል። በላይኛው ሒሳባችን መሠረት ይህ ብቻውን ከጠቅላላው ሙቀት ስድስተኛውን ያህል ያድናል። ኮፊም ማማውን ሲሠራ እንዲሁ ነበር ያደረገው፤ ቀዝቃዛው ድፍድፍ ወደ ማማው ከመግባቱ በፊት በሚወጣው እንፋሎት መካከል በቱቦ እንዲያልፍ አድርጎ አሙቆታል። አተላው ዛሬም ለከብት ይሰጣል፤ ይህ ሊነካ አይገባም። ለአንድ ሊትር ኢታኖል አሥር ሊትርና ከዚያ በላይ ዝቃጭ የሚተርፋቸው ፋብሪካዎች የትም ቢሆኑ የትርፉን መድረሻ ሲያሰላስሉ ይኖራሉ፤ ሰባታሚት ላይ ግን የሚደፋ የለም።

ይህን ዕቃ ለመሥራት ባሕር ዳር ውስጥ አይዝጌ ብረት የሚበይድ አንድ ጋራዥ ይበቃል። የቱቦውን ቁመት፣ የጠጠሩን መጠን፣ የመጠምጠሚያውን ርዝመት አስልቶ የሚሰጠው ግን ከፖሊ የሚመጣ ሰው ነው፤ እሱም ወረቀቱን ይዞ ከመምጣቱ በፊት ጧት ሰባታሚት ሄዶ፣ ከእማማ አጠገብ ተቀምጦ፣ ድፍድፉ እስኪጨርስ ድረስ እንጨት ሲሳብና ሲገፋ ቢያይ ይሻለዋል።